በግ የተባልኩበት ሰሞን

ቁጡ ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። ያኔ ካዛንቺስ፣ አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ፣ ሩቢ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ለአንድ ሆቴል የእንግዳ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ሽማግሌ የላክሁትም በዚያው ሰሞን ነው። የልጅቷ ቤት ከቢሮዬ መስኮት ሥር ነው፤ እኔ የምኖረው ቄራ።

አጎቴና ሁለት የሰፈር አባወራዎች እሑድ ሄዱ። አባቷ፣ "ልጄ ጭምት ናት፤ ልጁስ ጠባዩ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ። "በግ ነው!" አለ አጎቴ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። አባቷም፣ "እናንተማ የሱ አፍ ናችሁ። እስቲ ሰፈሩን እንጠይቅ፤ በሳምንቱ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው።

ወይ ጉድ! ቄራን? ቄራ ውስጥ ያልተጣላሁት ማን አለና? በቃ፣ ልጅቷን አጣኋት አልኩ።

በዚህ ላይ ፕሮግራሙ አሳበደኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበውን "እንግዳ ነህ?" ስለው "አዎ" ይላል፤ ፕሮግራሙ እንግዳን ከሠራተኛ ሲለይ ግን ከሁለቱም ወገን አይገባም። ኪቦርዱን ደበደብኩት። አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ ሳቀች።

"አንተ፣ እሱ እኮ እንግዳው አይደለም፣ ወኪሉ ነው። ፕሮክሲ! የጠየቅከውን ሁሉ ከኋላው ላለው ያቀብልና የሱን መልስ ያመጣልሃል። ማንነቱን ራሱን አትጠይቀው። የእንግዶቹን ክላስ፣ ማለቴ ቤተሰቡን፣ 'ይሄ የናንተ ነው?' በል። ሁለቱ መልሶች ካልተገጣጠሙ ወኪል ነው።"

ጠየቅሁ። ክላሱ "የኛ አይደለም" አለ። ከወኪሉ ኋላ ያለውን እንግዳ አውጥቼ ሳስገባ ሠራ። እልል ልል ስል ትዝ አለኝ፤ አባቷም እኮ ያደረጉት ይህንኑ ነው! ወኪሎቼን ነቅተውባቸዋል።

በሳምንቱ አጎቴ ከነሱ ቤት እየሳቀ መጣ። አባቷ ቄራ፣ ሥጋ የምገዛበት ቤት ድረስ ሄደው ኖሯል። ባለ ሥጋ ቤቱም፣ "በግ? እሱ? ኧረ ሥጋ በቆረጥኩ ቁጥር ይጮህብኛል! ግን ታምሜ ስተኛ በየቀኑ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ሾርባውንም እየተቆጣ ነው ያጠጣኝ" አላቸው።

"ሰጥተናል" አሉ አባቷ። አጎቴ ሊመርቅ ብድግ ሲል ግን መልሰው አስቀመጡት። "ባለፈው ልጄ ጭምት ናት ስላችሁ አመናችሁኝ?"

"እንዴታ!"

"እናንተም ካዛንቺስን ብትጠይቁ ጥሩ ነበር።"

አጎቴ ይህን ነግሮኝ፣ "እንጠይቅ እንዴ?" አለኝ።

ምን ይጠየቃል? በዚያ በቢሮዬ መስኮት ስትቆጣ እየሰማሁ አይደል የወደድኳት!