አረንጓዴው ፍሬን

ቀለም ቀቢው የተረፈ ቀለም መድፋት አይሆንለትም። ከሰው ቤት የተረፈችውን ጭላጭ ይዞ ይመጣና ያገኘውን ይቀባል፤ በርሜሉን፣ የአልጋውን እግር፣ መቀርቀሪያውን፣ አንዴማ የመጥረጊያውን እጀታ ሳይቀር። ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ «አጠገቡ ብዙ አትቁሙ፣ ይቀባችኋል» እያለች ታስቃለች። ሞተር ሳይክሉም ከእጁ አላመለጠችም። የአንድ ቢሮ መስኮት ቀብቶ በተረፈው አረንጓዴ ከመሪዋ እስከ ጎማዋ አሳመራት።

ታናሽ ወንድሙንና እናታቸውን ቁልቁለት ላይ የጣለቻቸው ያቺው ሞተር ናት። ወንድምየው እናቱን ከሐኪም ቤት እያመጣት ነበር። እሱ በጭረት ተረፈ፣ የእሷ ክንድ ተሰበረ። የፊት ፍሬኑ ይዞ አልለቅ እንዳለው ቢምል ቢገዘት የሰማው የለም። ቀቢው ደሙ ፈልቶ፣ ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እናቴን ልትገድላት ነበር፣ ሁለተኛ ሞተሬን እንዳትነካ ብሎ ጮኸበት። ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ክፍል ገብቶ አያውቅም። አንድ ግቢ እየኖሩ ጤንነቷን የሚጠይቀው በወንድሙ ሚስት በኩል ነው። እናትየውም ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትልና መልሳ ትተኛለች።

ሞተሯ በሰው መኪና ተጭና መጥታ ጥግ ላይ ተጥላ ከረመች። ቀቢው ንዴቱ ሲበርድለት፣ ሥራ በሌለው ቀን ደጃፉ ላይ አወጣትና ሊጠግናት ተቀመጠ። ለገዛ ዕቃው ሰው አይጠራም። የፊት ጎማዋን በእጁ ሊያዞር ቢል ንቅንቅ አላለችም። የፍሬኑን ብሎኖች ፈትቶ በስንት ትግል ከዲስኩ ላይ አላቀቀው። ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ግን ከማቀፊያቸው አልወጣ አሉ። በካቻቢቴ ፈለቀቀ፣ በመዶሻ ኮረኮመ፤ ወይ ፍንክች። ዝገት ነው ብሎ ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛ ነክሮ ፈተገው። ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ።

እጁ እዚያው ቀረ። ያኔ ሲቀባ ፍሬኑን አልፈታውም፣ አልሸፈነውም፣ ቡሩሹን እንዳለ ነው የሰደደበት። ቀለሙ ሸራዎቹ ወዲያ ወዲህ የሚሉበት ዘንግ ላይ ደርቆ አጣብቋቸዋል። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩን ይነክሳሉ፣ ሲለቀቅ መመለስ አይችሉም። የሰው መስኮት ሲቀባ መስታወቱን ዙሪያውን በፕላስተር ሳይሸፍን ቡሩሽ የማያነሳ ሰው ለገዛ ዕቃው ሰንፎ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለችው እናቱ በመስኮት በኩል። ክንዷ አንገቷ ላይ ታስሯል።

«ዝገት ነው፣ እማዬ።»

ፊቱ ጋለ። ልጆች ወልዶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ እናቱን ዋሸ። አቀርቅሮ ዘንጉን እያራሰ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ፣ ሸራዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። አጽድቶ መልሶ መግጠም ይችላል። ጎማዋ ትዞራለች፣ የሚያውቅ የለም፣ ወንድሙም እናቱን የጣለ ሰው ሆኖ ይኖራል። ይህን ማሰቡ ራሱ አስጠላው። አንደኛውን ሸራ ከነቀለሙ ይዞ ተነሳ።

ወንድሙን ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሸራውን መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ቀለም ነው» አለው። «እኔ ነኝ የቀባሁት። ፍሬኑ ይዞህ ነበር፣ እውነትህን ነው።»

ወንድሙ ሸራውን እያገላበጠ ቆየ። ቀቢው ስድብ ጠበቀ። ቢመታውም ቆሞ ሊመታለት ቆርጦ ነበር።

«እኔ አይደለሁማ፣ ጋሼ?»

«አይደለህም።»

«ፍሬኑ መያዙን በገዛ እጄ አውቄው ነበር እኮ። አንተ ስትለኝ ጊዜ ግን እኔው ነኝ ብዬ አመንኩህ።»

ይህን ብሎ ተነሳና አልፎት ወጣ፤ በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል። ቀቢው ከኋላው ተከተለ። በሩ ጋ ሲደርስ የእናቱ ለቅሶና ሳቅ ተቀላቅሎ ተሰማው። ለእሷ ገና እውነቱን አልነገራትም። ዝገት ነው እንዳላት ነው።

«አንተስ ግባ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ ውጪ?» አለችው ከውስጥ፣ በደስታ ድምፅ።

እግሩ አልነሳ አለው። ወንድሙን ያን ሁሉ ቀን ይህ በር እንዴት እንደከበደው ያን ጊዜ ገባው።