የአባቴ የእሑድ ሽርሽር

አባቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ታናሽ እህቴ አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ አስተማሪዋ ወላጆችን ሰብስባ ምክር ሰጠች። ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ነበረች፤ ቆላው ገና አልተስማማትም፣ እየተናገረች ግንባሯን በመሀረብ ትጠርግ ነበር አሉ። ልጆቻችሁን ማታ ማታ ምን እንደተማሩ ጠይቋቸው፣ እሑድ ደግሞ ይዛችኋቸው ወጣ በሉ አለች። ሌሎቹ ወላጆች ሰምተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አባቴ ግን ምክሩን እንደ አዋጅ ተቀበለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ያለ ጥያቄ የማይበላ ሆነ። እኔ ወሬ ስለምወድ የተማርኩትንም ያልተማርኩትንም እዘረዝርለታለሁ። እህቴ ግን ዝም ነው። ትምህርት ቤትም ቢሆን ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ «አቤት» አትልም። አባቴ እንድትናገር ያላደረገው ነገር የለም። ከረሜላ ገዛላት፤ ከረሜላውን በላች፣ ዝም አለች።

«ልጅቷ እንድታወራ ከፈለግህ አፏን በከረሜላ አትሙላው» አለችው እናቴ።

በማታው ጥያቄ አልሳካ ሲለው ተስፋውን እሑድ ላይ ጣለ። ለመጀመሪያው ሽርሽራችን ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሮ ወጣ። ጊዜው የካቲት ነው፤ ጠዋቱ ገና ሳይጋመስ መሬቱ ይፋጃል። እናቴ ዳቦና ቆሎ እየቋጠረች፣ የምንሄደው ገበሬ አገር ነው ወይስ የንጉሡ ግቢ ተጠርተን ነው ብላ ጠየቀችው። ትምህርት ክብር ይፈልጋል አላት።

በእግራችን ወደ ቀወት በሚወስደው መንገድ ወጣን። አባቴ እየተራመደ ያስተምራል። ምሥራቅ በየት በኩል ነው፣ ይሄ ዛፍ ምን ይባላል፣ ማሽላ የሚታጨደው መቼ ነው ይላል። እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ «ጎበዝ» ብሎ ላቡን ይጠርጋል፣ እህቴ ከኋላ ጠጠር እየለቀመች ትከተላለች። እንዲህ እያልን ከአንድ ወንዝ ዳር ደረስን። ክረምት ላይ ከብት የሚወስድ ወንዝ ነው፤ በዚያ ወቅት ግን ነጭ አሸዋ ብቻ ነበር። አባቴ ዳሩ ላይ ቆሞ ወንዞች ከደጋ ተነሥተው ወደ አዋሽ እንደሚወርዱ ማስረዳት ጀመረ።

«ውሃው የት ሄደ?» አለች እህቴ።

ሁላችንም ዞር አልን። አባቴ ደስታውን ዋጥ አድርጎ፣ ፀሐይ እንዳደረቀው ነገራት። እሷ ወንዙ ዳር ያሉትን ሾላዎች ቀና ብላ አየች። እውነትም ቅጠላቸው ለምለም ነበር።

«ዛፎቹስ ለምን አልደረቁም?»

አባቴ ከረባቱን ላላ አደረገ። እናቴን አየ፤ እናቴ ሰማዩን አየች።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እስቲ አብረን እንየው።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጠና ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ይቆፍር ጀመር። እኔና እህቴም ተከተልን። በዚህ መሀል አንድ የቀወት ገበሬ አህዮቹን እየነዳ ደረሰ። እስላም ነው፣ የአባቴ የቆየ ደንበኛ፤ የኢድ ልብሱን አባቴ ነው የሚሰፋለት።

«ምን ጠፋብዎ?» አለው።

«ውሃ» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

ሰውየው ወደ እናቴ ዞረ፤ ባልሽ ደህና ነው ወይ የሚል አስተያየት ነበር። እናቴ አስተማሪዋ አዝዛው ነው ብላ አስረዳችው። «እንግዲያው ቢስሚላህ» ብሎ ዱላውን አስቀመጠና እሱም መቆፈር ጀመረ። አህዮቹን በየበጋው እዚያው ቆፍሮ እንደሚያጠጣ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን እንደኛው ግራ እንደገባው ሆኖ ነበር የሚቆፍረው። የልጆቼ ጥያቄ ሲያጣድፈኝ እሱ ትዝ ይለኛል፤ መልሱ ምላሴ ላይ እያለ አፌን ለመያዝ እሞክራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያመልጠኛል።

ጉድጓዱ የእኔን ክንድ ሲውጥ አሸዋው ጠቆረ፣ ረጠበ፣ ቀስ እያለም ውሃ አቀረረ። እህቴ በሆዷ ተኝታ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች። አባቴ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና፣ ፊቱን ወደኛ መልሶ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ረዘም ያለ ንግግር ጀመረ። ከኋላው አህዮቹ ተራ በተራ ጠጡ። ዞር ሲል ጉድጓዱ ባዶ ነው።

«አሁንስ የት ሄደ?» አለች እህቴ።

ይኼኛውን ያውቀዋል፤ አህዮቹን አሳያት። ገበሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያም ዳቦአችንን አብሮን በላ።

ስንመለስ እህቴ መንገዱን ሙሉ አፏ አልተዘጋም። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ ግመል ለምን ያላምጣል፣ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ያለው ፀሐይ ከኛው ጋር አንድ ነው ወይ እያለች አባቴን እስከ ደጃፋችን ድረስ አደከመችው። ያልተመለሰላትን ሁሉ ሰኞ ለአስተማሪዋ ይዛ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አስተማሪዋ ሱቁ ድረስ መጣች። አባቴ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ የመጣችበት ጉዳይ ምን ይሆን ብሎ ፈርቷል።

«ጋሼ፣ እስካለፈው እሑድ የልጅዎን ድምፅ አላውቀውም ነበር» አለችው። «ዛሬ ዝም በይ ብዬ ተቆጣኋት።»

ይኩራ ይቅርታ ይጠይቅ ግራ ገባው። እሷ ግን እየሳቀች ነበር፤ ሽርሽሩን እንዳያቋርጥ፣ ቢቻል ግን ጥያቄዎቹን በከፊል እዚያው መንገድ ላይ እንዲጨርስላት ለመነችው። አባቴም በሚመጣው እሑድ በአውቶቡስ ካራቆሬ ልንሄድ መሆኑን ነግሯት እሷንም ጋበዛት። መጣችም። እህቴ ከሁለቱ መሀል ተቀመጠችና አንዱ ሲደክመው ወደ ሌላው ትዞር ጀመር።

ከዚያ በኋላ «አላውቅም» ቤታችን ውስጥ የዘወትር ቃል ሆነ። እናቴ አንድ ማታ ራት እያቀረበች፣ ሁሉን የሚያውቅ ሰው አግብቼ ነበር፣ ይቺ አስተማሪ ወሰደችብኝ አለች። አባቴ ቀና ብሎ፣ መጀመሪያውኑስ ሁሉን እንደማላውቅ መቼ ነው ያወቅሽው ብሎ ጠየቃት። እናቴ እንጀራውን ወደ እሱ እየገፋች፣ ያንን ሌላ ጊዜ፣ ልጆቹ ሲተኙ እነግርሃለሁ አለችው።