ከሙዙ ሥር የወጣው መድኃኒት

ቦታው መጋዘን ነበር። አንድ የተወረሰ ነጋዴ ቡና ያከማችበት የነበረውን ቀበሌው እስር ቤት አድርጎታል። ገፍትረው ሲያስገቡኝ ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ የማንን እግር እንደረገጥሁ አላውቅም። «ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ነን እኮ!» አለኝ አንዱ። ወበቁ፣ የላቡ ሽታ፣ ትንኙ አይጣል ነው። ከግድግዳው ማዶ የጣና ውኃ ዳርቻውን ሲመታ ይሰማል።

ወንጀሌን ባውቀው እንኳ ደግ ነበር። ጠዋት የቀበሌው አሳሾች ጓሮዬን በብረት ሲወጉ የሚፈልጉት ጠመንጃ ነበር። ከሙዙ ሥር ብረቱ ማሰሮ ነካ። ቆፍረው አወጡት። ውስጡ በእርጥብ አሸዋ መካከል ሲሪንጅና የመስታወት ብልቃጥ ተደርድሯል። «የወንበዴ መድኃኒት!» ብሎ ጮኸ አንዱ። በቃ፣ እኔንም ሚስቴንም እያዳፉ ወሰዱን።

እውነቱ ሌላ ነበር። ብዙ ዘመን ልጅ አጥተን ቆይተን፣ አዲስ አበባ አንድ ሐኪም መረመረንና ጉድለቱ የእኔ መሆኑን ነገረን። የወንድ ሆርሞን ነው ያለውን ዘይት የመሰለ መርፌ አዘዘልኝ፤ «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት» አለ። እኛ በምን አቅማችን ማቀዝቀዣ! ሚስቴ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ሞልታ፣ ውኃ አርከፍክፋ ቀበረችው።

ለዘመድም ለጎረቤትም ትንፍሽ አላልንም። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲጠፋ መካን የምትባለው ሴቷ ናት። ወንድ ይመክናል ብሎ የሚያስብ የለም። «የአንተ ስም አይነሣም» ብላ ያስማለችኝ እሷው ናት። ሐሜቱን ችላ በየደሴቱ ጠበል ስትመላለስ ኖረች።

ከእስረኛው መካከል ከደሴት ተይዘው የመጡ አንድ የኔታ ነበሩ።

«በምን ገባህ ልጄ?» አሉኝ።

«በመድኃኒት፣ የኔታ።»

«የማን መድኃኒት?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እሳቸውም አልነዘነዙኝም፤ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ከቀትር በኋላ የቀበሌው ካድሬ በሩን አስከፍቶ በእስረኛው ሁሉ ፊት አቆመኝ። ሚስቴ ደጃፉ ላይ በጠባቂ ተይዛ ቆማለች። ነጠላዋ አቧራ በአቧራ ሆኗል።

«ሚስትህ መድኃኒቱ የእኔ ነው፣ መካኗ እኔ ነኝ ብላለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

አዎ ብል ስሜ ይተርፋል፤ ግን መርፌውን ለሐኪም ቢያሳዩት የወንድ መሆኑ ታውቆ እሷ ውሸታም ልትሆን ነው። የእኔ ነው ብልም ያው ውሸታም አደርጋታለሁ። የቱ እንደሚያድናት እግዜር ይወቀው! ቀና ብዬ አየኋት። ራሷን ነቀነቀችብኝ፣ ተው ማለቷ ነው። እንዴት ሳሳሁላት!

«የእኔ ነው» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የማልወልደው እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባት።»

ካድሬው ሳቀ። «ጢሙን ያንዠረገገ ወንድ መካን? ማንን ልታሞኝ ነው!» ከእስረኛውም የሳቀ ነበር። «መድኃኒት ከሆነ እዚሁ ተወጋዋ! መርዝም ከሆነ እናያለን።»

ከጤና ጣቢያ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አስጠራ። ያ ብልቃጥ ረፋዱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲግል ውሏል። ይግደለኝ ያድነኝ አላውቅም፤ እየቀጡኝ ይሁን እያከሙኝም አልገባኝም። ሁለት ጠባቂዎች ሱሪዬን ሊያወርዱ ሲመጡ «ተዉኝ፣ እኔው እፈታለሁ» አልሁና ፈትቼ ዞሬ ቆምሁ። የኔታ ቀስ ብለው ተነሡና ጋቢያቸውን ዘርግተው ከለሉኝ። ሳቁ ቆመ። መርፌው ሲገባ ጥርሴን ነከስሁ።

እሷን ያን ዕለት ማታ ለቀቋት። እኔ ብዙ ቆየሁ። ለምን እንደቆየሁም፣ ለምን እንደተፈታሁም ያስረዳኝ የለም።

ልጅ አልወለድንም። በቅርቡ ይህን ታሪክ ለአንድ ወጣት ሐኪም ባጫውተው አዘነልኝ። የወንድ ሆርሞን ከውጭ በመርፌ ሲገባ ሰውነት የራሱን ዘር መሥራት እንደሚተው ነገረኝ። ወይ ጉድ! ታዲያ ያን ሁሉ የተዋረድሁት ጭራሽ ለሚያመክነኝ መድኃኒት ነበር? ግራ እንደተጋባሁ ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኋት። ምስር ትለቅም ነበር።

«ይሁና» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መካን ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።»