ለነጭ ድብ ያለቀሱ ወንዶች

ሰሞኑን የመጣ ልማድ አለ። ወንዶች ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ፣ በተለይ መሃላቸው ሴት ካለች፣ አንዱ ብድግ ይልና «እኔ እኮ አኒሜሽን ሳይ እንባዬ ይቀድመኛል» ይላል። ሌላውም «አይ፣ እኔማ እንደ ሕፃን ነው የሚያደርገኝ» ብሎ ይቀበለዋል። ሴቶቹ ሆዳቸው ቡቡ ነው እያሉ ከንፈር ይመጥጡላቸዋል። እኔ ግን ደሜ ይፈላል። ለሥዕል የሚያለቅስ ወንድ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነው መጠየቅ የሚያምረኝ፤ በዚያ ሰሞን ለማን ለቅሶ ደርሰህ ነበር?

ይህንን እንባ ቡራዩ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ስላየሁት ነው።

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ነበር። ከቡራዩ ወደ አስኮ የሚወስድ ታክሲ ጠፍቷል፤ ወደ ሆለታ የሚሄደው መንገድ ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ቤት ውለዋል። አዲስ አበባ የሚሠራው ባሌም እንደ ልጆቹ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ወንድ ምን እንደሚሠራ የምታውቅ ታውቃለች። የድስት ክዳን እያነሳ ያያል፣ ጨው አንሷል ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ባሌ የሰፈሩ እድር ንብረት ያዥ ነው። ድንኳኑ፣ ምሰሶዎቹ፣ አግዳሚዎቹና ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡት በእኛ ግቢ፣ በቆርቆሮዋ መጋዘን ውስጥ ነው። ቁልፉን ከቀበቶው ጋር አስሮ ሲንጎማለል የአገር ግምጃ ቤት የተሰጠው ይመስል ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ድንኳኑ በተቀደደ ቁጥር የምጥፈው እኔ ነኝ። ሲተከል ግን እጄ አይነካውም። በእኛ ሰፈር ድንኳን መትከል የወንድ፣ ንፍሮ መቀቀል የሴት ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባ ያልተነፋለት ሰው በእኛ ሰፈር እንደ ሞተ አይቆጠርም፤ ለቀስተኛ አይመጣም፣ አስከሬኑን የሚሸከም አይገኝም።

ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። እኔ በኦሮምኛ አክብሮት አዴ እላቸው ነበር። የእኛ ቤት የቆመበት ቦታ በፊት የባላቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ መሬቱ ተሸንሽኖ ሄዶ ለእሳቸው የቀረችው ያቺው ግቢ ናት። እንዲህም ሆኖ ስንወልድ ገንፎ ይዘው የመጡት፣ አማቴ የሞቱ ጊዜ ከድንኳን ያልተለዩት እሳቸው ናቸው። የማንም ለቅሶ ቀርተው አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ትንሹ ልጃቸው የፀጥታ መኪኖች ወደቆሙበት ዋናው መንገድ ወጣ። ረፋዱ ላይ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ተመለሰ። በጥይት ተመትቶ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መሆን ነበረበት።

የእድሩ ሹማምንት እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አንደኛው ባሌ ነው። ሁለተኛው ዳኛው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ፣ ድሮ ጅዳ ሾፌር ሆነው የኖሩ፣ ድምፃቸው ከገበያው እስከ ሰፈራችን የሚሰማ ሰው። ሦስተኛው ጸሐፊው፣ መነጽር የሚያደርግ የባንክ ሠራተኛ ነው። ጡሩምባው እንዲነፋ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። ጸሐፊው ሰበታ ላይ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች በፀጥታ መኪና ተጭነው ሄዱ ተብሏል አለ። ባሌ ጡሩምባውን ማን አስነፋው ቢሉ ስሜ ይጠራል አለ። ዳኛው እስቲ ትንሽ ሁኔታውን እንየው አሉ። ሁኔታውን ለማየትም ሶፋው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

ፍርሃታቸውን አልንቀውም። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ያን ቀን ያልፈራ ሰው ቢኖር እብድ ነው። የናቅኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ልጆቼ የዓረብ የሕፃናት ጣቢያ ከፍተው አኒሜሽን እያዩ ነበር። ፊልሙ የነጭ ድብ ነው። እናትና ልጅ በረዶ ላይ ሲሄዱ በረዶው ይሰነጠቃል፤ ግልገሉ የቆመባት ቁራጭ ተገንጥላ ባሕር ላይ ትንሳፈፋለች፤ እናትየዋ ዳር ቆማ ትጣራለች። ሦስቱም ሰዎች በረዶን የሚያውቁት ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ድብ የሚባል ነገርም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ወሬያቸውን ቀነሱ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ዳኛው በጅዳ ዓረብኛቸው መተርጎም ጀመሩ። «ልጄን፣ ልጄን እያለች ነው» አሉ በዚያ በገበያ ድምፃቸው። «ውሃው ወሰደብኝ፣ ማን ይመልስልኛል ትላለች።»

ቀና ስል ባሌ የታችኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ከእኔ ጋር በኖረባቸው ዓመታት እናቱ ስትሞት እንኳ «ወንድ እንባው ወደ ሆዱ ነው» ብሎ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነው። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ዳኛው የሽርጣቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላሉ። የአንድ እድር ሙሉ አስተዳደር ለአንድ ድብ ለቅሶ ተቀምጧል። ንፍሮ ብቻ ነው የቀረው።

በዚህ መሃል ከአጥሩ ማዶ የአዴ ድምፅ መጣ። «ያ ኢልማ ኮ» እያሉ ነበር፤ ልጄን ማለታቸው ነው። ሦስቱም ሰሙ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ያልሰማ መስሎ መቀመጥ ለእነሱ ቀላል ነበር። ባሌ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ለልጃችን «ድምፁን ጨምሪው» አላት።

ልጅቷ ጨመረችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ሆነ። ሄጄ ፊቱ ቆምኩና «ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት። ለቤት ድስት የፈለግሁ መሰለው፤ ድቧን እንዳልጋርድበት በእጁ ገፋ እያደረገ ከቀበቶው ፈትቶ ሰጠኝ። መጋዘኑን ከፈትኩ። አጠገባችን ያሉትን ሴቶች ጠራሁ። ሦስት መጡ፣ አንዷ እርጉዝ ነበረች። ሸራውን እየጎተትን፣ ምሰሶውን በትከሻ ተሸክመን ከአዴ በር ገባን።

ድንኳን ተክላ የምታውቅ ሴት ከመሃላችን አልነበረችም። ስፌቱን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ በየትኛው ገመድ እንደሚወጠር ግን አላውቅም። መሃለኛው ምሰሶ ወደ ምሥራቅ አዘነበለ። አንደኛው ጎን መሬት ሲነካ ሌላኛው ተንጠለጠለ። እርጉዟ ሴት ድንጋይ እያነሳች ገመዱ ላይ ትጭናለች። የሚያሳፍር ድንኳን ነበር። ግን ከመንገድ ይታያል። ጡሩምባ ሳይነፋ፣ ያንን የዘመመ ሸራ ያየ ሁሉ ከየቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። ልጁን የተሸከሙት ከላይ ሰፈር የመጡ ወጣቶች ናቸው። እስከ ቀብሩ ድረስ ተከትለናቸው ተመለስን።

የፀጥታ መኪኖቹ ከዋናው መንገድ ከተነሱ በኋላ የእድሩ ሹማምንት ደረሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዳኛው ከበሩ ላይ ቆመው ወደ ላይ ተመለከቱና፣ ከማጽናናታቸው በፊት፣ «ምሰሶው ዘሟል» አሉ። ባሌና ጸሐፊው ኮታቸውን አውልቀው አቃኑት። ከዚያ «ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ»፣ እግዜር ያጽናዎት፣ ብለው ለአዴ አንገታቸውን ደፉና አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ዓይናቸውን አየሁት፤ ጠብታ የለበትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ያላቸውን ቅድም ሳሎኔ ውስጥ ጨርሰውታል።

ባሌ ማታም ሆነ በማግስቱ ስለ ቁልፉ አልተናገረኝም። እኔም ስለ ድምፁ አልተናገርኩትም። ጸሐፊው ግን ለሚስቱ ነጭ ድብ እንዳስለቀሰው ነግሯት ኖሮ፣ እሷም ባሏ እንዴት አንጀቱ ርኅሩኅ እንደሆነ ለእኔው መጥታ አወራችልኝ። ሽሮ እየነፋሁ ነበር፤ መንፋቴን ቀጠልኩ።

ድንኳኑ የሚነሳ ቀን ባሌ ንብረቱን ሊረከብ ሄደ፣ እኔም አግዳሚ ላነሳ ተከተልኩት። አዴ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት። ባሌን በእጃቸው ጠሩት። ጎንበስ አለላቸው። የሚመርቁት መስሎት ነው መሰለኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ያን ቀን ዳኛው በእናንተ ቴሌቪዥን ሲተረጉሙ ሰማሁ» አሉት። «ያቺ ልጇን ውሃ የወሰደባት እናት፣ አገኘችው?»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አግዳሚዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አዎ አዴ፣ መጨረሻ ላይ አገኘችው» አላቸው።

«ጋሪ ዳ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጥሩ ነው። እንኳን አገኘች።»

ባሌ ምሰሶውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ከኋላው እየሄድኩ ፊቱን ለማየት ፈጠን አልኩ። አላለቀሰም።