የባለ ሉካንዳው ምላስ

ባለ ሉካንዳው ቢላዋውን ከሰቀለ ሦስት ዓመት ሆነው። በደህናው ዘመን አንድ ቁራሽ አኝኮ፣ «ይሄ ሽንጥ ነው፤ በሬውም አርጅቶ ነበር» ይል ነበር፤ ተሳስቶም አያውቅም። ነጋዴ ሊሸውደው ቢሞክር፣ «ዓይኔን ታታልል ይሆናል፣ ምላሴን ግን ወዴት አባክ!» ብሎ ያሳፍረዋል። አሁን በሽታ አልጋ ላይ ጥሎታል፤ ክንዱ ከስቶ እንጨት አክሏል። ሐኪሙ «ሥጋ ይብላ» አለ። የሥጋ ዋጋ ግን ሰማይ ነክቷል።

ሚስቱ ዘዴ ዘየደች። ጓዳዋ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ገንዳ የእንቁላል ትሪ ደርድራ ፌንጣ ማርባት ያዘች። ሲያድጉ ፍሪጅ ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ እንቅልፍ መስሏቸው ያልፋሉ። ከዚያ ትቆላለች፣ ትፈጫለች፣ ሾርባው ላይ ትነሰንሳለች።

«እቴ፣ ከብቶችሽ እንዴት አደሩ?» ትላለች ጎረቤቷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ደህና ናቸው። ካንቺ ያነሰ ይጮኻሉ።»

የመጀመሪያውን ሳህን ስታቀርብለት፣ ይነቃብኛል ብላ ፈራች።

«የምን ሥጋ ነው?» አላት።

«የጥጃ።»

«ጥሩ ጥጃ ነው» ብሎ ጨለጠው።

ተመስገን አለች። ሳህኑን ስታጥብ ግን ደስታዋ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ። ያ ምላስ እንዴት ዝም አለ?

ቀን በቀን ክንዱ እየሞላ መጣ። እሷ ግን ምኞቷ ተገልብጦ፣ ምነው በነቃብኝ ትል ጀመር። ዱቄቱን እጥፍ አደረገች፤ «ጥጃ» አለ። ሳትፈጭ ሰባብራ ጨመረች፤ አሁንም «ጥጃ» አለ፣ በዚያው በድሮው ኩራት።

አንድ ቀን በቀትር መስኮቱን ከፈተችና የተቆሉትን ፌንጣዎች ከነእግራቸው፣ ከነቀንዳቸው፣ በነጭ ሳህን ፊቱ አኖረች። ፀሐይ ስታርፍባቸው ክንፎቻቸው እንደ ስስ ብርጭቆ አበሩ። ይህን የመሰለ ውበት ጓዳዋ ውስጥ መኖሩን ገና ያን ጊዜ አየች።

«አንተ ሰው፣ በሞቴ፣ ደህና አድርገህ እየው» አለችው። «ተቆጣኝ። ሳህኑን ወርውርብኝ።»

አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ግራና ቀኙን አገላብጦ አየው። አፉ ከተተውና ዓይኑን ጨፍኖ በቀስታ አኘከ።

«ጎድን ነው» አለ፣ ያለ ጥርጥር። «ማነው ያረደው? እጁ ይባረክ።»

«እኔ ነኝ» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣም የቀረውን አንድ በአንድ ታጎርሰው ጀመር።