ምርጥ የተባለው በግ

ወናጎ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አከራዬን በግ አስለወጥኳቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በእንሰታቸውና በቡናቸው መሃል አንድ እናት በግና አንድ ሙክት አስረው የሚቀልቡ ሴት ናቸው። ሙክቱን ለፋሲካ ሸጠው የሚያፈሰውን የኩሽናቸውን ጣሪያ በቆርቆሮ ሊያስከድኑ ነበር።

እኔ ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ ስለ ዝርያ ማሻሻል አስተምር ነበር። ከደጋ የመጣ ነጋዴ ሱፋም ዲቃላ ጠቦት ይዞ ሳይ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ምርጥ ዘር ነው፣ እትዬ።»

እሳቸው ምርጥ ዘር የሚያውቁት ከበቆሎ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው። በእኔ መጽሐፍ ግን ለአንድ ነገር የተመረጠ ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደተመረጠ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ለተማሪዎቼ ግን በሦስት ቀለም ጠመኔ ተስሎላቸዋል፦ በግ የሚበላውን ለሥጋ፣ ለላትና ለጸጉር ያከፋፍላል፤ ለሱፍ የተመረጠው ትልቁን ድርሻ ለሱፉ ይሰጣል፤ መኖ ሲያንሰውም ሱፉ ማደጉን አይተውም፣ ሰውነቱ ይከሳል እንጂ።

ሙክቱ ሄደ፣ ጠቦቱ መጣ። በየማለዳው የእንሰት ቅጠል ይቆርጡለታል፤ እሱን ጨርሶ እንደገና ይጮሃል።

«ቲቸር፣ የዚህ በግህ ሆድ የት ነው?»

«ጀርባው ላይ፣ እትዬ። የበላው ሱፍ ይሆናል።»

«ሱፍ ይበላል እንዴ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሱፉ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ ጭቃ ተጋገረበት። የበግ ጸጉር መሸለት የሚያውቅ በአካባቢው የለም፤ በወረቀት መቀስ ግማሹን ቆረጥኩለት፣ ከዚያ መቀሱ ዶለዶመ።

ለፋሲካ ዲላ ገበያ ይዘነው ወረድን። ገዢዎች መጀመሪያ ላቱን ይዳብሳሉ፤ ይሄኛው ላት የለውም፣ ቀጭን ጭራ ነው ያለው። አንዱ እጁን ወደ ሱፉ ሰደደና አጥንት አገኘ።

«እናቴ፣ ይሄ በግ ነው ፍራሽ?»

«ቲቸሩን ጠይቀው» አሉት፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ማንም አልገዛውም። ይዘነው ተመለስን።

ቆርቆሮው ቀረ። ሌላ ጊዜ ቀዳዳውን በእንሰት ቅጠል ይሸፍኑት ነበር፤ ያን ዓመት ግን ከቤቱ አጠገብ ያለው እንሰት ለጠቦቱ ተመልምሎ አልቆ ነበር። እኔ የቆረጥኩትን ሱፍ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ጣሪያው ውስጥ ወተፉት። ሱፍ ውሃ ይይዛል፤ ይህንንም አስተምሬያለሁ። ሲጠግብ ምድጃው ላይ ያንጠባጥባል፣ እሳቸውም እንጨቱን ወደ ጥግ ይገፉታል።