«ዞር በሉ!» እና የሮቢቱ ጎልፍ ሜዳ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጎልፍ ነበር ስል የሚያምነኝ የለም። ሌላው ይቅርና የገዛ ሚስቴ «ሙቀቱ ነው ያሳየህ» ትለኛለች። ነበር እንጂ! ሜዳውን የሠሩት እርሻውን የያዙት ፈረንጆች ናቸው። አብዮቱ መጣ፣ እርሻው ተወረሰ፣ ፈረንጆቹ ሄዱ፤ ሜዳውም ከነዱላው፣ ከነኳሱ፣ ከነጉድጓዱ የሰፊው ሕዝብ ሆነ። ሰፊው ሕዝብ ግን ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

እኔ ያኔ ከአዲስ አበባ የተመደብኩ የእርሻው ንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን «ጎልፍ የሚያውቅ ጓድ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ምን እንደቀበጠኝ እንጃ፣ «እኔ አዲስ አበባ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ» አልኩ። በቃ! ተጨበጨበና «የሜዳ መግቢያና የጨዋታ ሥነ ሥርዓት ኃላፊ» ተባልኩ። የደመወዝ ጭማሪ የለውም፤ ስም ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ የጎልፍ ፍቅር ይዞት አልነበረም። ገበሬ ማኅበሩ «ሥራ የፈታ መሬት ነው፣ ለአራሹ ይሰጥ» ብሎ ስላመለከተ፣ መሬቱ ሥራ እንዳልፈታ ለማሳየት የግድ መጫወት ነበረብን። ከአውራጃ ሰው መጥቶ፣ አይቶ ይወስናል ተባለ። ከአመልካቾቹ ዋነኛዋ ሜዳው ዳር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ፈረንጆቹ ሳይመጡ ማሳው የሳቸውና የሟች ባላቸው ነበር፤ ማሽላ ይዘሩበት ነበር። በየቀኑ መጥተው ከአንዲት ግራር ሥር ይቀመጡና ደመናውን ያያሉ።

«ልጄ፣ ዝናቡ ሳያልፈኝ ጨዋታችሁን ጨርሱልኝ» ይሉኛል። «ዘንድሮም ካልዘራሁ የሰው እጅ ማየቴ ነው።»

«እትዬ፣ ጎልፍ አያልቅም» አልኳቸው።

«ያ አላህ! ታዲያ ለምን ጀመራችሁት?»

ሜዳው በር አለው፣ አጥር የለውም። የአጥሩ ሽቦ የት እንደገባ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። በሩ ብቻ ከነመቀርቀሪያው ተገትሮ ቀርቷል። እኔ እዚያ ቆሜ «መታወቂያ!» እላለሁ፤ ሰው ከነፍየሉ በጎን ያልፋል። አንድ ባለግመል ብቻ ቆም ብሎ አየኝና፣ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ፣ በበሩ ገባ። ግመሉ ግን እምቢ ብሎ በጎን አለፈ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ዝምታው ነው። ተጫዋች ሊመታ ዱላ ሲያነሳ ትንፍሽ አይባልም፤ ይህን በቀዳዳዬ በደንብ አይቻለሁ። ሮቢት ላይ ደግሞ ሰው አይቶ ሳይሰላለሙ ማለፍ ነውር ነው። ሒሳብ ሹማችን ዱላውን ሰቅሎ፣ ላቡ ካፍንጫው እየተንጠባጠበ ሲያነጣጥር ገበያተኛ ይደርሳል። «አሰላሙ አለይኩም!» ሒሳብ ሹሙ ዱላውን ያወርዳል። «ወአለይኩም ሰላም!» ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ደብረ ሲና የተዳረችዋ እንዴት ናት... እሱ ሲጨርስ ሌላው ገበያተኛ ይመጣል። እኔ «ሲመታ አይወራም!» እያልኩ እጮሃለሁ።

«ሰላምታ ወሬ ነው እንዴ?» ይላሉ አሮጊቷ ከግራሯ ሥር። እውነታቸውን ነበር፤ ግን እኔ ኃላፊ ነኝ።

ኳስ ወደ ሰው ሲሄድ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ የሚጮሁት ቃል «የኢምፔሪያሊስት ነው» ተብሎ ተሻረ። እኔ «ዞር በሉ!» ይባል ብዬ አቀረብኩ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በመጀመሪያው ቀን ጮህኩ። ሜዳው ላይ የነበረ ሰው በሙሉ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ካለበት ፈቀቅ ሳይል ፊቱን አዞረ። የእርሻው ዘበኛ ጀርባውን ሊያገኘው የነበረውን ኳስ በሆዱ ተቀበለው።

«ምን ሆነሃል፣ ዞር በል አላልኩም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ዞር አልኩ እኮ!» አለኝ ሆዱን ይዞ። «ሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር።»

ቃሉ ይቀየር ብዬ ለመንኩ። ሥራ አስኪያጁ «በስብሰባ የጸደቀ በስብሰባ ነው የሚሻር» አለ። ስብሰባው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ አጀንዳ ነበረው።

የአውራጃው ሰው በላንድሮቨር ደረሱ። ደብረ ሲና ላይ የደረቡትን ካፖርት በዚያ ሐሩር አላወለቁትም፤ የሹመቱ አካል ሳይሆን አይቀርም። ደመናው ከተራራው በኩል ጠቁሯል። አሮጊቷ ከግራሯ ሥር ናቸው፤ ያን ቀን ግን የሙስበሃቸውን ዶቃ ብቻ ይቆጥራሉ። አንጀቴን በሉኝ። ጨዋታው እንዲያምርልኝም፣ ድብልቅልቁ እንዲወጣም እኩል ተመኘሁ።

ሥራ አስኪያጁ ዱላውን አነሳ። እንግዳው ፊት ቀድመው ጉድጓዱን ሊያዩ ሄደዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ገበያተኛው እንኳን ያን ቀን ጸጥ አለ። ጓ! ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ ካፖርቱ።

«ዞር በሉ!» አልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ።

እንግዳው ዞር አሉ። «ማነው እኔን ዞር በል የሚለው?» ሊሉ ነበር፤ «ማነው እኔን» ላይ ሲደርሱ ኳሷ ግንባራቸውን አለቻቸው።

ቁጭ አሉ። ሮቢት ላይ ደግሞ ወህኒ ቤት ሩቅ አይደለም፤ እኔ በልቤ ልብሴን ሸክፌ ጨርሻለሁ። አሮጊቷ ግን «ቢስሚላህ» እያሉ ሮጠው ደረሱና የሻሻቸውን ጫፍ በውሃ ነክረው እብጠቱ ላይ ጫኑላቸው።

«እርስዎ ደግሞ ማነዎት?» አሉ እንግዳው።

«የማሳው ባለቤት።»

«የትኛው ማሳ?»

«ይኸው፣ የተቀመጡበት።»

እንግዳው ዙሪያውን ቃኙ። አጥር የሌለውን በር አዩ፣ ጉድጓዱ ዳር የሚግጡትን ፍየሎች አዩ። «ምን ነበር የሚዘሩበት?»

«ማሽላ። ወላሂ፣ ስንት ዘመን ስንዘራው አንድ ሰው መትቶ አያውቅም!»

እንግዳው ግንባራቸውን ይዘው ሳቁ። «በሉ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይዝሩ» አሏቸው። አሮጊቷ መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው አለቀሱ። ሥራ አስኪያጁ «ጓድ፣ ስፖርት እኮ ለሰፊው ሕዝብ...» ብሎ ጠጋ ሲል፣ እንግዳው «ዞር በል!» አሉት። ያኔ ገና ቃሉ በትክክል ሠራ፤ ሥራ አስኪያጁ ውልቅ ብሎ ሄደ።

ዝናቡ አሮጊቷን አላለፋቸውም። በመኸር ማሽላው ከቁመቴ በልጦ ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ፣ እንደ ድሮዬ በመሃል ላቋርጥ ብዬ ገባሁ። አሮጊቷ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ!» አልኩ።

መልስ የለም። ተቀይመውኛል ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ወዲያው ከኋላዬ «ዞር በል!» የሚል ጩኸት መጣ።

ቃሉን ያወጣሁት እኔ፣ ጉዱን በዓይኔ ያየሁት እኔ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ካለሁበት ፈቀቅ ሳልል ፊቴን አዞርኩ! ለወፍ የተወረወረው ጓል ግንባሬ ላይ ፍርክስክስ አለ።

«ኧረ እትዬ! ሰላም ስልዎት እንኳን አይመልሱም?»

«ሲመታ አይወራም!» አሉኝ ከማማው ላይ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ና፣ ጥንቅሽ ልስጥህ። ኧረ በዚያ አይደለም! ማሽላዬን አትርገጥብኝ፣ በበሩ ና!»

በሩ አሁንም ለብቻው ቆሟል። ግንባሬን እያሻሸሁ ማሳውን በሙሉ ዞርኩና መቀርቀሪያውን ከፍቼ ገባሁ። መልሼም ዘጋሁት።